በ«ገ» እና በ«ጉ» መካከል

ደብረጼን፣ ሃንጋሪ
ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለየኔታ ገዳሙ
ደብረ ወርቅ

የኔታ፣ ከሩቅ ሆኜ ጉልበትዎን ስሜያለሁ። ክረምቱ እንዴት ወጣልዎ? ዐይንዎስ እንዴት ሆነ? የቅኔ ተማሪዎችዎ ዘንድሮ ስንት ጎጆ ቀለሱ? እኔ በእርስዎ ጸሎትና በሟች እናቴ በወለተ ሚካኤል አምላክ በሰላም ገብቻለሁ። እዚህ ብርዱ ከአሁኑ እጅ ያደነዝዛል፤ ጽሕፈቴ ቢንጋደድ በእሱ ያሳቡልኝ።

ስልክ ሞክሬ ሞክሬ ተስፋ ቆረጥኩ። ሁልጊዜ የምታነሣልኝ ያቺው «ማግኘት አይችሉም» የምትለዋ ሴት ናት። ከእሷ ጋር ዘመድ ልንሆን ምንም አልቀረን። ስለዚህ በደብዳቤ መጣሁ። የጉንደ ወይኑ ነጋዴ ሐምዱ ለገበያ ደብረ ማርቆስ ሲወጣ ከፖስታ ቤት እንዲያወጣልዎ በእሱ ስም ልኬዋለሁ።

ትምህርቱን እንዴት ብዬ ላስረዳዎ? ሦስት ዓመት በዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ጉዳይ ቢሮ ሠርቼ፣ ይኸው ያንኑ ሥራ ልማረው መጣሁ። ማስተርሱ «የከፍተኛ ትምህርትና የተማሪዎች ጉዳይ» ይባላል። እርስዎ «ተማሪ ከመማር በቀር ምን ጉዳይ አለው?» እንደሚሉ አውቃለሁ። አለው የኔታ። የሚያድርበት፣ የሚበላው፣ ሲጨንቀው የሚያናግረው ሰው፣ ሲታመም የሚያስታምመው። ዩኒቨርሲቲ ይህን ሁሉ እንዴት አድርጎ ማሟላት እንዳለበት ነው የምንማረው። መምህራችን ነጭ ሽማግሌ ነው፤ በየክፍለ ጊዜው «ተማሪው በሩን ከማንኳኳቱ በፊት በሩ ክፍት መሆን አለበት» ይለናል። ሁላችንም እንጽፈዋለን።

አንድ ነገር ልለምንዎ። አዲስ ተማሪ በየአገራችን እንዴት እንደሚቀበሉት ጽፈን እንድንመጣ ታዘናል። ጓደኞቼ ስለ ዩኒቨርሲቲያቸው ይጽፋሉ፤ እኔ ስለ ጉባኤ ቤት ልጽፍ አሰብኩ። አዲስ ተማሪ እርስዎ ዘንድ የመጣ ዕለት ማን ይቀበለዋል? ምን ይጠየቃል? እባክዎ እንደሚያወሩት አድርገው ይጻፉልኝ።

መነጽር አብሬ ልኬያለሁ። በፈረንጅ ፊደል የታተመ አድራሻዬንም ሦስት ቅጂ አድርጌበታለሁ፤ ፖስታው ላይ ይለጠፍ። ከላዩ ስሜን በአማርኛ ያድርጉበት፣ ሐምዱ የማን እንደሆነ እንዲለየው።

የእህትዎ ልጅ
ፀደንያ


ደብረ ወርቅ
ኅዳር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለወለተ ሚካኤል ልጅ ለፀደንያ

ሰላመ እግዚአብሔር ካለሽበት ይድረስሽ። የአባቶቻችን አምላክ በሰው አገር መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ከበረዶውም ከሰዉም ይሰውርሽ። ደብዳቤሽ በኅዳር ሚካኤል ማግስት ገባልን። ሐምዱ ከቡና ከረጢት ውስጥ አውጥቶ ሲሰጠኝ ሽታው ራሱ ደስ አለኝ።

ደብረጼን የምትያትን ደብር ግን አላወቅኋትም። ስንክሳር አስገልጬ አስፈለግሁ፤ የለችም። ታቦቷ የማን ነው? መቼ ትነግሣለች? «የእህቴ ልጅ ከደብረ ወርቅ ወጥታ ሌላ ደብር ገባች» ብዬ ለካህናቱ ሁሉ ተናግሬያለሁ። አሁን «ደብር አይደለችም፣ ስሟ ብቻ ነው» ብትይኝ ከሰው ፊት ታዋርጂኛለሽ።

መነጽሩ ለአፍንጫዬ ልክ ነው፤ ለዐይኔ አልሆነም። ሞራው ጋርዶታል፣ የፊደሉን ጥላ እንጂ ፊደሉን አላይም። ደብዳቤሽን የሚያነብልኝም፣ ይህን የሚጽፍልኝም ሌላ ሰው ነው። ጽሕፈቴ አያምርም ብሎ ስለሚያፍር ስሜ አይጠራ ብሎኛል፤ እኔም ተውኩት። እኔ ግን እንደምታውቂኝ ነኝ። እያንዳንዱን ቃል ፊደል በፊደል እያስጠራሁ ነው የማስጽፈው። ከእኔ አፍ የወጣ የተሳሳተ ፊደል ባሕር አይሻገርም።

ስለ አዲስ ተማሪ ጠየቅሽኝ። አዲስ ተማሪ ሲመጣ ስሙን የሚጠይቀው የለም። ከሩቅ መንገድ ደክሞት ነው የሚመጣው፤ አስቀድሞ ይበላል። ከተማሪዎቹ አንዱ ከአኩፋዳው፣ ከለመነበት ከረጢት ማለቴ ነው፣ ያለውን ቁራሽ ያወጣለታል። ከበላ በኋላ «ከየት መጣህ? ከማን ዘንድ ምን ተማርክ?» ይባላል። ጎጆ እስኪቀልስ ድረስ ከአንዱ ጋር ያድራል። ስም የሚወጣለት ኋላ ነው፣ በአገሩ ወይ በአመሉ። አሥር ዓመት አብሮኝ ተቀምጦ እናቱ ያወጣችለትን ስም ሳላውቅ የሄደ ተማሪ አለኝ። ወረቀት ይዘሃል ወይ አንለውም። ወረቀቱ ረኀቡ ነው። ይህን ለሽማግሌው መምህርሽ ንገሪው።

አሁን የእኔን ጥያቄ ስሚ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አስነበብኩ፤ አንድ ስም ፈልጌ አጣሁ። አምደሚካኤልን ለምን አላነሣሽውም?

አምደሚካኤል ባለፈው ዓመት በጥቅምት አንቺ ወደምትሠሪበት ዩኒቨርሲቲ የሄደው ተማሪዬ ነው። የጉንደ ወይኗ የወለተ ሰንበት አንድ ልጅ። ከእኔ ዘንድ ቅኔ እየቆጠረ በጎን ዘመናዊውን ተምሮ አሥራ ሁለተኛን አለፈ። ዓባይን ሊሻገር ሲሰናበተኝ በታጠፈች ወረቀት ላይ ለአንቺ ቃል ጽፌ በእጁ ሰጠሁት፤ ያን ጊዜ ዐይኔ ገና አልጠፋም ነበር። ከዚያ ወዲህ መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩ ሞተ፣ የእሱም የአንቺም ድምፅ ጠፋ። ሁለታችሁም ዝም ስላላችሁ አንድ ላይ ናችሁ ብዬ ተረጎምኩት። እናቱንም ይህንኑ እየነገርኩ ዓመት ሙሉ አጽናናኋት። አሁን ደብዳቤሽ መጣ፤ እሱ የለበትም።

ምናልባት በሌላ ስም ታውቂው ይሆናል። በትምህርት ቤት ወረቀቱ አበባው ነው፤ በቀበሌ መታወቂያው በክርስትና ስሙ አምደሚካኤል። ቀጭን ልጅ ነው፣ ዐይኑን ከመሬት አያነሣም። ቀኝ እጁ ላይ ከአውራ ጣቱ እስከ አንጓው የውሻ ንክሻ ጠባሳ አለው፣ በልመና ያገኘው። እስቲ አስቢ። ወረቀቴን ሰጥቶሽ ነበር?

አጎትሽ
ገዳሙ


ደብረጼን
ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለየኔታ ገዳሙ

እንደምን ሰነበቱ የኔታ? እግዚአብሔር ጤናዎን ያብዛልኝ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ በገና ሰሞን ነው። መልሱ የዘገየው ፈተና ስለነበረብኝ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ስለ ጉባኤ ቤት የጻፍኩት በክፍል ተነበበ። መምህራችን «ወረቀቱ ረኀቡ ነው» የሚለውን በቋንቋቸው ተርጉሞ ሰሌዳው ላይ ጻፈው። አንዲት የፊንላንድ ልጅ እጇን አውጥታ «አንቺ በምትሠሪበት ዩኒቨርሲቲስ እንዴት ነው?» አለችኝ። ሰዓቱ ስላለቀ አልመለስኩላትም።

ስለ ልጁ የጠየቁኝን በተመለከተ፣ የላኩት ወረቀት እጄ አልገባም። አምደሚካኤል በሚል ስም የማስታውሰው ተማሪ የለም። በዓመት በሺህ የሚቆጠር ተማሪ ነው ወደ ቢሯችን የሚመጣው። ለቀድሞ ባልደረቦቼ ጽፌ እጠይቃለሁ።

የዐይንዎን ነገር አይተዉት። ደብረ ማርቆስ ሞራ የሚያነሡ ሐኪሞች አሉ፤ ወጪውን እኔ እችላለሁ። ሌላም ያሻዎት ነገር ካለ ይዘዙኝ። ለወለተ ሰንበትም አንድ ጥሩ ነጠላ ልግዛላት ብዬ አስቤያለሁ። ያጽናናት እንደሆነ ይንገሩኝ።

በምኖርበት ሕንፃ ሌላ ፀደንያ የምትባል የአገራችን ልጅ ገብታለች። ደብዳቤ እንዳይለዋወጥብን ከስሜ ሥር የትምህርቴን ስም ያስጽፉልኝ።

ደብረጼን ታቦት የላትም የኔታ። ስሟ ብቻ ነው። ከሰው ፊት ካዋረድኩዎ ይቅር ይበሉኝ።

ፀደንያ


ደብረ ወርቅ
መጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፀደንያ

የጾሙን ወራት በሰላም ያስፈጽምሽ፤ ለትንሣኤው ያድርስሽ። እኔ አለሁ። ከተማሪዎቼ ግማሾቹ መንገድ ፈርተው አልመጡም፣ ጎጆዎቹ ባዶ ናቸው።

ደብዳቤሽ አጭር ነው። «የላኩት ወረቀት እጄ አልገባም» የሚለውን ሁለት ጊዜ አስደገምኩት። አላየሁትም አላልሽም፤ እጄ አልገባም አልሽ። የቅኔ ሰው ክፉ አመል ሆኖብኝ ነው እንጂ ሌላ ነገር ፈልጌ አይደለም። ሰው ሲናገር ከሥር ምን አለ ብዬ መቆፈር ለምዶብኛል።

ዐይኔን ተዪው፣ ማየት ያለብኝን አይቻለሁ። ነጠላም አትላኪ። ወለተ ሰንበት ስነግራት «ነጠላው ሲመጣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጌ ለሐዘን ልልበሰው ወይስ ወደ ታች አድርጌ ለደኅና? አስቀድማ እሱን ትንገረኝ» ብላለች።

መንገዱ ጥቂት ቀን ተከፍቶ ሳለ የሐምዱ ልጅ ፈሐድ ከዩኒቨርሲቲው መጣ። ለካ ከአምደሚካኤል ጋር በአንድ ዶርም ነበሩ። የሰማሁትን ልንገርሽ። ልጁ በአንዱ ወረቀት አበባው፣ በሌላው አምደሚካኤል ስለሆነ የምግብ ካርድ ከልክለውታል። ፈሐድ ከራሱ ድርሻ ዳቦ እየደበቀ ያወጣለት ነበር። እንጀራና ወጥ ሲያመጣለት ግን «ጾም ነኝ» ይለዋል፣ የጓደኛውን ድርሻ እንዳይጨርስበት። ጾም ባልሆነ ቀን፣ በሰኞ፣ በማክሰኞ «ጾም ነኝ» ይል ነበር። ፈሐድ የእስላም ልጅ ነው፣ የእኛን ጾም ከየት ያውቃል? አመነው። ይህን ሲነግረኝ ሁለታችንም አለቀስን።

አንድ ቀን ወደ ተማሪዎች ጉዳይ ቢሮ ሄዶ ተመለሰ። «ሁለት ሰው ነህ፤ አንድ ሰው መሆንህን የሚገልጽ ደብዳቤ ከቀበሌህ አምጣ አሉኝ» አለው። በማግስቱ ጠዋት ተነሣ። መንገድ ተዘግቷል ቢለው «የኔታ ወዳሉበት መንገድ አይጠፋኝም» አለ። ጎሐ ጽዮን ላይ ከመኪና ወርዶ በእግሩ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ያየው ሹፌር አለ። ከዚያ ወዲህ ያየው የለም።

ፈሐድ ኅዳር ውስጥ መሆኑን እንጂ ቀኑን አያስታውስም። የወለተ ሰንበት የነፍስ አባት «ቀኑን ሳናውቅ አርባውን ከየት ጀምረን እንቁጠር?» ይላሉ። ተዝካር እንዳታወጣ፣ ልጇ ቢኖርስ? እንዳትጠብቅ፣ ዓመት ከመንፈቅ ሊሆን ነው። ቤቷ እንኳ የሐዘን ቤት ነው ተብሎ ሰው አይገባበት፣ የደኅና ቤት ነው ተብሎም ሰው አይስቅበት።

ሌላ የምለምንሽ የለኝም። ቀኑን ብቻ። ያን ዕለት በዚያ ቢሮ፣ በዚያ ወንበር የተቀመጠው ማን ነበር? ልወቅሰው አይደለም። ቀኑን ያስታውስ እንደሆነ ጠይቂልኝ።

አጎትሽ
ገዳሙ


ደብረጼን
ሚያዝያ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

የኔታ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ። ጉልበትዎን ልስም ግን ዛሬ አልደፍርም።

ደብዳቤዎ አሁን ደረሰኝ፤ ኮቴን ሳላወልቅ ነው የምጽፍልዎ። ደረጃው ላይ ቆሜ አስቀድሜ ያነበብኩት ውስጡን ሳይሆን ላዩን ነው። ባለፈው ፖስታ ላይ ስሜ ብቻ ነበር። በዚህኛው ላይ እንደለመንኩዎ ትምህርቴን አስጽፈውበታል፦ «ለፀደንያ፣ የከፍተኛ ትምህርትና የተማሪዎች ገዳይ»። ገዳይ ነው የሚለው። ደጋግሜ አየሁት፣ ወደ መስኮቱ ወስጄም አየሁት። «ጉ» አይደለም፤ «ገ» ነው። ከእርስዎ አፍ የወጣ የተሳሳተ ፊደል ባሕር አይሻገርም። ሰሙን ለፖስታ ቤቱ፣ ወርቁን ለእኔ ልከውልኛል። «ልወቅሰው አይደለም» ብለው በውስጥ ጽፈው፣ ወቀሳውን በላዩ አስቀመጡት። ገባኝ የኔታ።

ያን ዕለት በዚያ ወንበር የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።

ቀኑ አርብ፣ ኅዳር 14 ቀን 2016 ነው፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ። የማውቀው ከመዝገብ አይደለም። ለዚህ ለምማረው ትምህርት ማመልከቻዬን የላክሁበት ቀን ስለሆነ ነው። ማመልከቻው ላይ «ተማሪዎችን ማገልገል ለምን ፈለግሽ?» የሚል ጥያቄ ነበረ። ያን እየጻፍኩ ሳለ ነው ልጁ የገባው። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ቃል ጠፍቶኝ ነበር፤ ቀና ካልኩ የያዝኩት ሐሳብ የሚበተን መሰለኝ። ፊቱን አላየሁትም የኔታ። ሁለቱን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ ስሞቹ አይገጥሙም፣ «ሁለት ሰው ነህ» አልኩት። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ከቀበሌ ደብዳቤ እንዲያመጣ ነገርኩት።

መሳቢያዬ ውስጥ ጊዜያዊ የምግብ ካርድ ነበረ። ለሁለት ሳምንት ያበላል፣ ስም ሞልቶ መፈረም ብቻ ነው። ኃላፊው ወጥቶ ነበር ልልዎ ነበር፤ ሰበብ ነው፣ ያለ እሱ ስንት ጊዜ ፈርሜያለሁ። መንገዱ መዘጋቱንም አውቅ ነበር። «ወደ ቤተሰብ ለመሄድ አትነሡ» የሚለው ማስታወቂያ በራችን ላይ ተለጥፎ ነበር። የለጠፍኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ አንዲት የታጠፈች ወረቀት ዘረጋልኝ። «ማመልከቻ የምንቀበለው ሰኞ ነው» አልኩት። እጁ ትንሽ ቆየ። እጁን አየሁት፤ ከአውራ ጣቱ እስከ አንጓው ጠባሳ ነበረው። «እሺ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ ወጣ። እኔም ሦስተኛውን አንቀጽ ጨረስኩ። ቆንጆ አንቀጽ ነበር።

እርስዎ በኅዳር ስለ ጠባሳው ሲጽፉልኝ ነው ማን እንደነበረ ያወቅሁት። በጥር «እጄ አልገባም» ያልኩዎ እውነት ነው፤ ከውሸት የከፋ እውነት። ከዚያ ቀን ወዲህ ክፍል ገብቼ «በሩ ክፍት መሆን አለበት» ሲባል ጆሮዬን መያዝ ያምረኛል። ትምህርቱን ልተወው እላለሁ፣ ደግሞ ትቼው የት እገባለሁ እላለሁ። እርስዎን እንዴት ብዬ አያለሁ?

ይህን ለየኔታ የምታነብላቸው ወንድሜ ሆይ፣ ማን እንደሆንክ አላውቅም። በቁርባንህ ይዤሃለሁ፣ ከእሳቸው ሌላ ሰው እንዳይሰማው። በተለይ ለወለተ ሰንበት እንዳትነግራት። ቀኑን ብቻ ንገራት።

ፀደንያ


ደብረ ወርቅ
ግንቦት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፀደንያ

እንደምን ከረምሽ። እኔ አለሁ።

ወንድሜ ሆይ ያልሽው እኔ ነኝ። ወለተ ሰንበት ነኝ።

ልጄ ቢመጣ አስቀድሞ የሚመጣው የኔታ ዘንድ ነው ብዬ ጉንደ ወይንን ትቼ እዚህ ከተቀመጥኩ ዓመት አልፎኛል። ውኃ እቀዳላቸዋለሁ፣ ዐይናቸው ሲጠፋ ደግሞ ደብዳቤ እጽፍላቸው ጀመር። «ወለተ ሰንበት እንዲህ አለች» እያሉ ያስጽፉኝ የነበረው እኔኑ ነው። ጽሕፈቴን ስለማፍርበት ነው ስሜን አይጥሩ ያልኳቸው። ሰው ነው፣ ወንድ ነው ብለሽ ብታስቢ አልፈርድብሽም።

እኔ ሳነብ በመጀመሪያ በጣቴ እየተከተልኩ በልቤ ነው የማነበው፣ ከዚያ ነው ድምፄን የማወጣው። ለዚህ ነው የኔታ ያልሰሙት። የትንሣኤውን ሰላምታ አነበብኩላቸው። ከዚያ በጣቴ ወደ ታች ወረድኩ። «ለወለተ ሰንበት እንዳትነግራት» የሚለው ጋ ደርሼ ነበር። የኔታ «ምነው ዘገየሽ?» አሉኝ። «ፊደሉ ጠፋኝ» አልኳቸው። «ቁጠሪው» አሉኝ፣ እንደ ሕፃን። የትኛው ጠፋሽ ሲሉኝ አፌ ላይ የመጣው እሱ ነበር። ገ፣ ጉ፣ ጊ፣ ጋ፣ ጌ፣ ግ፣ ጎ። እያለቀስኩ ቆጠርኩት። እሳቸው «ጎበዝ» አሉኝ፣ እንባዬን አያዩትም።

ፖስታው ላይ ያየሽው ቅኔ አይደለም ልጄ። ውስጡን የኔታ ፊደል እያስጠሩ ያስጽፉኛል፤ ላዩን ግን ከሄዱ በኋላ እኔ ብቻዬን ነኝ የምጽፈው። ፊደል ያስቆጠረኝ አምደሚካኤል ነው፣ ከትምህርት ቤት ሲመጣ በራሱ ደብተር። «ገ»ና «ጉ» ያምታቱኛል። ያቺን በጎኗ ያለችውን አጭር ጭረት እረሳታለሁ። «እማ፣ ጭረቷን ረሳሽ» ይለኝ ነበር ሁልጊዜ። የሚያርመኝ ስለሌለ ነው እንዲያ ሆኖ የመጣልሽ። የኔታ ራሳቸው ቢጽፉት ኖሮ ጉዳይ ብለው በትክክል ይጽፉት ነበር፤ አንቺም ዝም ትይ ነበር። እኔም እስክሞት በር በር እያየሁ እቀመጥ ነበር። የእኔ ያለመማር ነው ያናገረሽ።

ለየኔታ ምንም አልነገርኳቸውም። «ቀኑን ከመዝገብ አግኝታዋለች፣ አርብ ኅዳር 14 ይላል» አልኳቸው። «ተባረኪ» ብለውሻል። ሽማግሌ ናቸው፣ የቀረቻቸው የእህት ልጅ አንቺ ብቻ ነሽ፤ እሷንም አልነጥቃቸውም።

አርብ ከፊትሽ ከቆመ ቅዳሜ መነሣቱ ነው። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት የሚገባበት ቀን ነው። ያን ዕለት እንኳ እውነቱን ነበር፣ ጾም ነኝ ካለ። ከነፍስ አባቴ ጋር ከዚያ ቀን ጀምረን ቆጠርን። ለሚመጣው ኅዳር ሁለት ዓመት ይሞላዋል፣ ያን ጊዜ ተዝካሩን አወጣለሁ። በቅዳሴው ስሙ አምደሚካኤል ተብሎ ይጠራል። እዚያ ሁለት ስም ያለው መሆኑ ማንንም አላስቸገረም። ነጠላዬንም ጥለቱን ወደ ላይ አድርጌ ለብሻለሁ። እስካሁን እንዴት እንደምለብሰው ሳላውቅ ነው የኖርኩት።

ይቅር ብዬሻለሁ ብዬ ልጽፍልሽ ፈልጌ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ቄሱ በግድ አይሆንም፣ ጠብቂው ብለውኛል። እጠብቀዋለሁ፣ መጠበቅ ለምጃለሁ። ትምህርቱን ልተወው ያልሽውን ግን አልወደድኩትም። ልጄን ያስከፈለ ትምህርት ነው፣ ጨርሺው። ከዚያ ተመልሰሽ እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጪ። ሁለት ስም ይዞ የሚመጣ የድኻ ልጅ አያልቅም።

የላክሻቸው አድራሻዎች ሦስት ነበሩ፤ ይህ የመጨረሻው ነው። በዚህኛው ፖስታ ላይ ጭረቷን አልረሳሁም። እይው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ያቺ የታጠፈች ወረቀት ምን ትል እንደነበር ትናንት የኔታን ጠየቅኳቸው። በቃላቸው ያውቋታል። ማመልከቻ አልነበረችም። እንዲህ ነው የምትለው፦

«ልጄ ፀደንያ፣ ይህ ልጅ ሲርበው አይናገርም። አንቺ ጠይቂው።»

ወለተ ሰንበት
የአምደሚካኤል እናት